በሕክምና ደጃፍ የቆመው ፈተና
የእንግሊዝኛ ቋንቋ ምዘና በቻይና ሐኪሞች ትምህርት ታሪክ

በ1921 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሻንግሃይ ከተማ፣ ወደ ፔኪንግ ዩኒየን የሕክምና ኮሌጅ ለመግባት የሚወዳደሩ ወጣቶች ለፈተና ተቀምጠው ነበር። ከተፈታኞቹ አንዷ በደቡብ ቻይና ጠረፍ ካለችው ከጉላንግዩ ደሴት የመጣች፣ ሊን ቺያውጂ የምትባል የ19 ዓመት ወጣት ነበረች። እንደሚተረከው፣ የመጨረሻው ፈተና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ነበር። በፈተናው መካከል አንዲት ተፈታኝ ራሷን ስታ ወደቀች። ሊን ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣች፤ የወደቀችውን ደግፋ ከአዳራሹ አወጣች፤ እስክትነቃም ድረስ ከአጠገቧ አልተለየችም። በዚህ መካከል ሰዓቱ አለቀና ወረቀቷ ሳይሞላ ቀረ። ተስፋ ቆርጣ ወደ ደሴቷ ከተመለሰች በኋላ ግን የመቀበያ ደብዳቤ ደረሳት። ፈታኞቹ በሌሎቹ ትምህርቶች ያገኘችውን ውጤት ተመልክተው፣ ያደረገችውንም ሰምተው፣ በጎደለው ወረቀት ምክንያት በሩ ሊዘጋባት እንደማይገባ ወስነው ነበር።

ያች ወጣት በ1929 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቀች። ከጊዜ በኋላ በቻይና የማኅፀንና የወሊድ ሕክምና መሥራቾች ከሚባሉት አንዷ ለመሆን የበቁት ዶክተር ሊን እርሷ ናቸው። በ1955 የቻይና የሳይንስ አካዳሚ አባል ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1983 እስኪያርፉ ድረስም ከ50 ሺህ በላይ ሕፃናት በእጃቸው እንደ ተወለዱ ይነገርላቸዋል። ያ ወረቀት ብቻውን ፈርዶ ቢሆን ኖሮ ስንቷ እናት ምን ይደርስባት እንደ ነበር መገመት ለአንባቢ የሚተው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐኪም አይደለም፤ መሐንዲስ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ቋንቋ ፈተናና ስለ ሐኪሞች ትምህርት ታሪክ እንዲጽፍ ሲጋብዙት ያመነታው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የመሐንዲስ ሥራ በመለኪያ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነውና፣ ማንኛውም መለኪያ የሚለካው የተሠራበትን ነገር ብቻ መሆኑን ሙያው በየቀኑ ያስታውሰዋል። የእንፋሎት ግፊት መለኪያ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን የማሞቂያውን ግድግዳ ውፍረት አይናገርም። መሣሪያውን ከአቅሙ በላይ ያመነ ባለሙያ አንድ ቀን አደጋ ይደርስበታል። ለመሆኑ አንድ ሐኪም ለዶክትሬት ትምህርት ሲያመለክት የእንግሊዝኛ ፈተና የሚለካው ምኑን ነው? ቻይናን ለምሳሌ የመረጥነው በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግማ ስላነሣችውና ለሐኪሞች ብቻ የተለየ አገር አቀፍ ፈተና እስከ ማዘጋጀት ስለ ደረሰች ነው።

ሊን የገባችበት ኮሌጅ በ1906 በሚሲዮናውያን የተቋቋመ ነበር። በ1915 የሮክፌለር ድርጅት ክፍል የሆነው የቻይና የሕክምና ቦርድ ተረከበው፤ አዲሶቹ ሕንፃዎችም በ1921 ተመረቁ። የቦርዱ ዓላማ በአሜሪካ ከሚገኙት ምርጥ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር የሚተካከል ተቋም በፔኪንግ ማቆም ስለ ነበረ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተደረገ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛው ፈተና የሚጠይቀው ግልጽ ነበር፤ ተማሪው መምህሩን ይሰማዋልን? መጽሐፉንስ ያነበዋልን? መለኪያውና የሚለካው ነገር ገጥመው ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መግጠም ዋጋ ነበረው። የትምህርቱ ደጃፍ የተከፈተው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደርሰው እንግሊዝኛ ለመማር ለታደሉ ጥቂቶች ነበርና፣ ከገጠር የመጣ ብሩህ ልጅ በዚያ በር የማለፍ ተስፋው የመነመነ ነበር።

የቋንቋ ዕጣ ከመንግሥታት ወዳጅነት ጋር የተያያዘ መሆኑ ደግሞ ከ1949 ለውጥ በኋላ ታየ። ኮሌጁ በ1951 በመንግሥት ተወረሰ። በዚያው ዐሥርት ዓመት ቻይና ከሶቭየት ኅብረት ጋር በመወዳጀቷ ሩስኛ ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ሆነ፤ የሕክምና መጻሕፍትም ከሩስኛ ይተረጐሙ ጀመር። እንግሊዝኛ ያጠና ሐኪም እንደ ገና ፊደል ቆጠረ። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ሲሻክር ሚዛኑ ወደ ኋላ ተመለሰና በ1964 የወጣው የውጭ ቋንቋዎች ትምህርት እቅድ እንግሊዝኛን አንደኛ የውጭ ቋንቋ አደረገው። እቅዱ ሥር ሳይሰድ ግን በ1966 የባህል አብዮት ተነሣና የዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተና ተቋረጠ። አንድ ሐኪም በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ሦስት ጊዜ የቋንቋ ልብስ እንዲቀይር ሲገደድ፣ የሚያክማቸው ሕመምተኞች ቋንቋ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተለወጠም።

በዚሁ የፈተና በር በተዘጋበት ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ለርእሳችን ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። በቬትናም ጦርነት ምክንያት የተባባሰውን ወባ ለመዋጋት ቻይና በግንቦት 23 ቀን 1967 «523» የተባለውን የምርምር ፕሮጀክት በምስጢር አቋቋመች። በ1969 ሥራውን የተቀላቀሉት ቱ ዩዩ በ1955 ከቤጂንግ የሕክምና ኮሌጅ በመድኃኒት ቅመማ የተመረቁ፣ በኋላም የአገሩን ባህላዊ ሕክምና ያጠኑ ባለሙያ ነበሩ። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውም። ጥንታውያን የመድኃኒት መጻሕፍትን ሲመረምሩ በአራተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ ለትኩሳት ያዘዘውን አገኙ። ጌ ሆንግ ከአሪቲ ወገን የሆነውን ቺንግሃው የተባለ ተክል በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን አያዝም ነበር። ከዚህ የተነሣ ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆናል ብለው አሰቡና በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚፈላው በኤተር አማካይነት በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት። በጥቅምት 1971 የተገኘው ቅምር በተበከሉ አይጦች ላይ የነበረውን የወባ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። አርቴሚሲኒን የተባለው መድኃኒት መነሻው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሁለት በኩል ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል፣ ለዚህ ግኝት ቁልፍ የሆነው ንባብ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በጥንታዊ ቻይንኛ የተደረገ ንባብ ነው። የትኛውም የእንግሊዝኛ ፈተና ይህን ችሎታ ሊለካው ባልቻለ ነበር። በሌላ በኩል፣ የመድኃኒቱ ኬሚካዊ ቅርጽ በ1977 በቻይንኛ ቢታተምም፣ የዓለም የሕክምና ሊቃውንት በሰፊው ሊያውቁት የጀመሩት በ1979 በእንግሊዝኛ ከታተመና በ1981 በቤጂንግ በተደረገው የዓለም ጤና ድርጅት ስብሰባ ላይ ከቀረበ በኋላ ነው። ዕውቀቱ በቻይንኛ ተወለደ፤ ባሕር የተሻገረው በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮፌሰር ቱ በ2015 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ሲካፈሉ በስቶክሆልም ያቀረቡትን ንግግር ያደረጉት በቻይንኛ ነበር።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1978 እንደ ገና ተከፈተ። የዲግሪዎች ሕግ ከጥር 1981 ጀምሮ ሲጸና፣ በዚያው ዓመት የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ የዶክትሬት ዕጩ በመሠረቱ ሁለት የውጭ ቋንቋዎችን እንዲያውቅ አዘዘ። በአንደኛው የሙያውን ጽሑፎች አቀላጥፎ እንዲያነብና በመጠኑ እንዲጽፍ፣ በሁለተኛው ደግሞ የመነሻ ንባብ እንዲኖረው ነበር። ቶፍል የተባለው የአሜሪካ ፈተናም በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ገባ። ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ከዓለም ተለይቶ ለኖረ የሕክምና ትምህርት ይህ ተገቢ ፍላጎት ነበር፤ ያመለጠውን ለማንበብ ቋንቋው ያስፈልገው ነበርና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለሕክምና ዶክትሬት አመልካቾች በብሔራዊው የሕክምና ፈተናዎች ማእከል የሚዘጋጀው አገር አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ከቀረቡት የፈተና ወረቀቶች እንደምንረዳው ከመቶው ነጥብ 30 ለማዳመጥ፣ 10 ለቃላት፣ 10 ባዶ ቦታ ለመሙላት፣ 30 ለንባብ ተመድቦ ነበር። የቀረው 20 ነጥብ የተሰጠው ለጽሕፈት ነው። የጽሕፈቱ ዓይነት ግን ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ተፈታኙ በቻይንኛ የተጻፈ ሐተታ አንብቦ፣ ዋና ዋና ነጥቦቹን ሳያጓድል፣ በ200 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት አሳጥሮ እንዲጽፍ ይጠየቅ ነበር።

መሐንዲስ ይህን ድልድል ሲመለከት አንድ ነገር ይታየዋል። ሰማንያው ነጥብ የመቀበልን ችሎታ ይለካል፤ ማለትም ሌሎች የተናገሩትንና የጻፉትን መረዳትን ነው። ዕውቀትን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የማሻገርን ችሎታ የሚለካው ሃያው ብቻ ነው። በ1970ዎቹ የአርቴሚሲኒንን ግኝት ለዓለም ያደረሰው ግን ይኸው የማሻገር ሥራ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከወረቀቱ ሁሉ እጅግ የተዋጣለት ክፍል ያ ሃያ ነጥብ ነው፤ ሐኪሙ ወደፊት የሚሠራውን እውነተኛ ሥራ ያስመስላልና። ይሁን እንጂ ድልድዩ የተሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ያነበበውን አዲስ ዕውቀት በገጠር ላለው የሥራ ባልደረባው ወይም ለሕመምተኛው በራሱ ቋንቋ ግልጽ አድርጎ ማስረዳት ይችል እንደ ሆነ ወረቀቱ አይጠይቅም።

የዚህ ጉድለት ክብደት ከጊዜ በኋላ በአገሩ መንግሥትም ሳይታወቅ አልቀረም። ቀደም ሲል በማዕረግ ለማደግ የሚፈልግ ሐኪም፣ በወረዳ ሆስፒታል የሚሠራውም ጭምር፣ የውጭ ቋንቋ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበት ነበር። በጥር 2017 የወጣው የማዕረግ አሰጣጥ ማሻሻያ ይህን ፈተና ለሁሉም ወጥ ግዴታ መሆኑን አስቀረ። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የቻይና ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ፈጥነው በእንግሊዝኛ መጽሔቶች በማሳተማቸው፣ ለራሱ ሕዝብ ሳይነገር ለውጭ ተጻፈ የሚል ብርቱ ወቀሳ በአገሩ ተሰማ። በየካቲት ወር የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ለግምገማ ከሚያቀርቧቸው ዋና ዋና ጽሑፎች ቢያንስ ሢሶው በአገር ውስጥ መጽሔቶች የታተመ እንዲሆን መመሪያ አወጣ። ወቀሳው በሁሉም ተመራማሪዎች ላይ ፍትሐዊ ነበር ለማለት አይቻልም፤ በእንግሊዝኛ የታተሙት ጽሑፎች የሌላውን አገር ሐኪሞች አስጠንቅቀዋልና። የተነሣው ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተበት፣ በ1964ም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የአገራችን ሐኪም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያክመው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2001 ጀምሮ አርቴሚሲኒንን ከሌላ መድኃኒት ጋር አቀናጅቶ መስጠትን ሲመክር፣ አገራችን በ2004 ኮአርተም በሚል ስም የሚታወቀውን ቅንጅት ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ ተቀበለች። በቻይንኛ ተወልዶ በእንግሊዝኛ የተሻገረው ዕውቀት በመጨረሻ የደረሰው በአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ፣ «እንክብሎቹን ሦስቱንም ቀን ጨርሺ፤ ትኩሳቱ ቢበርድም አታቋርጪ» ተብላ በገዛ ቋንቋዋ ለተነገረቻት እናት ነው። ያ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ባይነገር ወይም ባይገባ የቀደመው ድካም ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፈተና ከሕክምና ዶክትሬት በር ይነሣ ለማለት አይደለም። እንግሊዝኛ የማያነብ ተመራማሪ ሐኪም የዘመኑን የሕክምና ዕውቀት ከሩቅ ይሰማል እንጂ አይካፈልም። የምንለው፣ መለኪያው የሚለካው ታውቆ ይለካበት ነው። የቻይናው ወረቀት በሃያ ነጥብ የጀመረውን ማሻገር አስፍቶ በሁለቱም አቅጣጫ የሚጠይቅ ፈተና ቢዘጋጅ፣ አመልካቹ የአገሩን የሕክምና ልምድ ለዓለም፣ የዓለምንም ዕውቀት ለአገሩ ሰው ማድረስ ይችል እንደ ሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ፈተና ማዘጋጀትና ማረም የበለጠ ድካም እንደሚጠይቅ አይካድም፤ ነገር ግን ርካሽ መለኪያ የሚያስከትለው ኪሣራ ውድ መሆኑን ማንኛውም መሐንዲስ ያውቀዋል።

በ1921 በሻንግሃይ የተቀመጡት ፈታኞች የእንግሊዝኛው ፈተና ይቅር አላሉም። ጎዶሎውን ወረቀት ከሙሉዎቹ ጋር አስተያይተው፣ ወረቀቱ የማይለካውን ነገር በዓይናቸው ለኩ። በየዘመኑ በፈተና ደጃፍ ለሚቀመጡ ሁሉ የተረፈው ምሳሌ ይህ ነው።