አሠሪ የሌለው ሠራተኛ

አንድ ሰው በአሜሪካ ምድር ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ ያለ ጥፋቱ ቢሰናበት፣ የሚኖርበት ክፍለ ግዛት ለጥቂት ወራት ሳምንታዊ መደጎሚያ ይከፍለዋል። በዚያው ሕንጻ ያንኑ ሥራ «በኮንትራት» ሲሠራ የቆየው ባልንጀራው ግን ውሉ ያለቀ ዕለት የሚጠይቀው አካል የለውም። አንዱ ኮንትራት አልቆ ሌላው እስኪገኝ ባለው ጊዜ ሕጉ ሥራ አጥ አይለውም፤ የራሱ አሠሪ ነውና ራሱን ሊያሰናብት አይችልም። ነገሩ ከዋሽንግተን የታክሲ ነጂዎች አንሥቶ በኮምፒዩተር ሙያ በውል እስከሚሠሩት ድረስ ብዙ ወገኖቻችንን ይነካል። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ይህን ሕግ አውጪዎች የዘነጉት ቀዳዳ አድርጎ ይመለከተዋል። በእኔ እምነት ግን ቀዳዳ አይደለም፤ ቤቱ ከመሠረቱ የተሠራው እንዲህ ነው።

በ1911 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ከሠራተኛው፣ ከአሠሪውና ከመንግሥት በሚዋጣ ገንዘብ፣ እንደ መርከብ ሥራና ግንባታ ባሉ ጥቂት ዘርፎች ለተሰማሩ ሥራ ፈቶች በሳምንት 7 ሽልንግ፣ ቢበዛ ለ15 ሳምንታት ይከፍል ነበር። አሜሪካ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ኮመንስ ሥራ አጥነትን በፋብሪካ ውስጥ እንደሚደርስ አደጋ ቆጠሩት፤ አሠሪው ላሰናበተው ሰው ሁሉ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ ከማሰናበቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል አሉ። ዊስኮንሲን በ1932 ያወጣችው የአገሪቱ የመጀመሪያ የሥራ አጥነት መድን ሕግ የዚህ አሳብ ልጅ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግም ግብሩን የጣለው 8 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው አሠሪ ላይ ነው። የእርሻና የቤት ሠራተኞች ከሕጉ ውጭ ቀሩ፤ ይህም ማለት አብዛኞቹ ጥቁር ሠራተኞች ቀሩ ማለት ነበር። ዛሬም ከጥቂት ክፍለ ግዛቶች በቀር ሠራተኛው ለዚህ መድን ሳንቲም አያዋጣም፤ ብዙ የሚያሰናብት አሠሪም ብዙ ይከፍላል።

እንግዲህ መድኑ የአሠሪው መቀጫም ጭምር ከሆነ፣ አሠሪ የሌለው ሰው የት ይገባል? ከዚህም የባሰው፣ ሠራተኛውን «ኮንትራክተር» ብሎ የሚጠራ ድርጅት ከግብሩ ነጻ ይወጣል። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህን ብልሃት አስቀድመው ጠርጥረው ሦስት ጥያቄዎችን በሕጋቸው አስገቡ፦ ሰውዬው በአፈጻጸሙ ከከፋዩ ቁጥጥር ነጻ ነውን? ሥራው ከድርጅቱ መደበኛ ሥራ ውጭ ነውን? በሙያው የቆመ የራሱ ንግድ አለውን? ሦስቱም ካልተሟሉ ስሙ ምንም ቢሆን ተቀጣሪ ነው።

በፌዴራል ደረጃ ግን ነፋሱ በተቃራኒው ነፈሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1947 ከውሉ ቃል ይልቅ የኑሮውን እውነታ ማየት ይገባል ቢልም፣ ኮንግረስ በ1948 የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ ጠባቡን የድሮ ትርጓሜ መለሰ። የሚያስገርመው ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነው፤ በ1950 በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች ግብሩን ራሳቸው እየከፈሉ በጡረታው እንዲታቀፉ ተፈቀደ። የሥራ አጥነቱ በር ግን እንደተዘጋ ቀረ። ምክንያቱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ዕድሜን የልደት ወረቀት ይመሰክራል፤ ደንበኛ አጣሁ የሚለውን ሰው እውነት ማን ይመሰክራል? ይሁንና ዴንማርክ በ1976፣ አየርላንድ በ2019 ለእነዚህ ሰዎች መንገድ ከፍተዋል። (በነገራችን ላይ በአገራችንም የሥራ ስንብት ክፍያ የሚጠየቀው ከአሠሪ ብቻ ነው።)

መጋቢት 2020 ያን በር ወረርሽኙ በረገደው። በ26ኛው ቀን የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፖስትሜትስ ለተባለው ድርጅት ዕቃ ያደርስ የነበረ ሰው ለሥራ አጥነት መድን ተቀጣሪ ነው ሲል ወሰነ። በማግሥቱ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩትን ያካተተው የወረርሽኝ ጊዜ መደጎሚያ ሕግ ተፈረመ። መጀመሪያ እስከ 39 ሳምንታት የሚዘልቅ ነበር፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስም በሳምንት 600 ዶላር ይታከልበት ነበር። ገንዘቡ የመጣው ከፌዴራሉ ካዝና እንጂ ከማንም አሠሪ ግብር አልነበረም።

ነገር ግን የአሮጌው ቤት ጠባይ ተከትሎ ገባ። መደጎሚያው የሚሰላው ከተጣራ ገቢ ስለነበረ፣ የነዳጁንና የጥገናውን ወጪ በሐቅ የቀነሰ ነጂ ወደ ዝቅተኛው ክፍያ ወረደ። ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ በትንሽ ደመወዝ የተቀጠረውማ የባሰ ተጎዳ፤ ያቺ ትንሽ ደመወዝ ለመደበኛው መድን ስላበቃችው፣ የታክሲው ገቢ ሳይቆጠር የሚያገኘው በእርሷ ብቻ ተሰላ። ኮንግረስ ይህን ተመልክቶ በታኅሣሥ 2020 ለእንዲህ ያሉት በሳምንት 100 ዶላር ጨመረ፤ ያውም ክፍለ ግዛቱ ከተስማማና ሰውዬው ከግል ሥራው ቢያንስ 5,000 ዶላር ካገኘ። ያለማስረጃ ማመልከት በተቻለባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት አጭበርባሪዎች ብዙ ገንዘብ ዘረፉ፤ ይህም ለተቃዋሚዎቹ ጥሩ ስንቅ ሆነ። ከ20 የሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች በ2021 ቀድመው አቋረጡት፤ በመስከረም መጀመሪያ ሕጉ ራሱ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ ውሉ ያለቀበት ኮንትራክተር በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ማመልከቻውን ማስገባትና በእውነቱ ተቀጣሪ እንደነበር መከራከር። ማን ያዝዘው፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ማን ይወስን እንደነበር የሚያሳዩ መልእክቶችን፣ ውሉንና የክፍያ ደረሰኞቹን ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። የኒውዮርኩ ዕቃ አድራሽ ያመለከተው በ2015 ነበር፤ ጉዳዩ የመጨረሻ እልባት ያገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።