ትከሻ ስንት በመቶ ነው?

እስቲ አንድ ክንዳችሁን ወደ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። እጃችሁ ላይ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን አለ እንበል። ጀሪካኑ ከትከሻ መገጣጠሚያ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ክንዱን የሚያነሳው ጡንቻ ግን የሚጎትተው ከመገጣጠሚያው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። 60 ለ3 ሲካፈል 20 ነው። ስለዚህ የክንዱን ክብደት ሳንቆጥር እንኳ፣ ለ5 ኪሎ ጡንቻው የ100 ኪሎ ያህል ጉልበት ያወጣል። የትከሻ ጉዳት ኑሮን የሚያናጋው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንሂድ። በውትድርና ትከሻው ተጎድቶ የተመለሰ አንድ ሰው አስቡ። አህያ መጫን፣ ሞፈር መሸከም አቅቶታል። ካሳውን ማን ይከፍለዋል?

ድሮ መልሱ መሬት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላም መንግሥት ለአርበኞች መሬት ሰጥቷል። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ግን ነገሩን ወደ ደመወዝና ወደ ስሌት አመጣው። በ1970ዎቹ ዋግ የጦር ሜዳ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን የቀድሞ ወታደሮችንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ።

የወታደሩንም ጡረታ ያጠቃልል የነበረው የ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ደግሞ አንድ ድንበር ነበረው፦ 10 በመቶ። የመሥራት አቅሙን ሳያጣ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሰው በዚያ አዋጅ ይከፈል የነበረው ዳረጎት የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር፣ ከዚያም በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ ነበር። ደመወዙ 4,000 ብር፣ ጉዳቱ 15 በመቶ ቢሆን 16,920 ብር ይደርሰው ነበር። ጉዳቱ 9 በመቶ ከተባለስ? ምንም።

ታዲያ ይህን ቁጥር ማን ያወጣዋል? የሐኪሞች ቦርድ። ችግሩ፣ ራጅ በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የተቀደደ ጅማት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ክንዱ ስንት ዲግሪ እንደሚነሳ በማዕዘን መለኪያ ሲለካም ሁለት ሐኪሞች በጥቂት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ።

እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ቁጥር እወዳለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ኮንስታንትና መርሊ ያሳተሙትን ታዋቂ የትከሻ መመዘኛ ተመልከቱ። ከ100 ነጥቡ 40ው ለእንቅስቃሴ፣ 25ቱ ለጉልበት ነው። የቀረው 35 ለሕመምና ለዕለት ተዕለት ሥራ ሲሆን የሚገኘውም ታካሚውን በመጠየቅ ነው። መመዘኛው የእኛ አገር የካሳ ሰንጠረዥ አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። የሰውየው ቃል ራሱ የልኬቱ አካል ነው።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል። እዚያ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ጉዳቱ በሥራ ላይ ደረሰ ወይ? ስንት በመቶ ነው? ለመጀመሪያው ያኔ የተጻፈ የሕክምና ወረቀት፣ ለሁለተኛው አዲስ ምርመራ ያስፈልጋል። «ያመኛል» ብቻ ማለት አይበቃም፤ «ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይነሳም፣ ጭነት ማንሳት አልችልም» ማለት ግን ሐኪሙ የሚለካውና የሚመዘግበው ነገር ይሰጠዋል።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት ወይም አያት ካለ፣ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡ። መቼ፣ የት፣ በየትኛው ክፍል እያለ እንደተጎዳና የት እንደታከመ ጠይቃችሁ ጻፉለት። የቆየችውን የሆስፒታል ወረቀትም ፈልጉለት። ውሳኔውን የምትለውጠው እሷ ልትሆን ትችላለች።