ሁኔታ 21

ሙኒክ 1972 ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩፅ ይፍጠር ደግሞ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኙበት ኦሎምፒክ ሊሆን ይችላል። ማራቶኑ ከታቀደለት ቀን በአንድ ቀን ዘግይቶ መካሄዱንስ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ ከስፖርት ጋር አይገናኝም።

ምዕራብ ጀርመን ያን ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ፣ ሂትለር የታየበትን የ1936ቱን የበርሊን ኦሎምፒክ ከሰው አእምሮ ማጥፋት ትፈልግ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ አይታይ ተባለ። የስፖርተኞቹን መንደር የሚጠብቁት መሣሪያ ያልያዙ፣ ውሃ ሰማያዊ የለበሱ ሰዎች ሆኑ። አጥሩም ሁለት ሜትር ገደማ ሽቦ ነው፤ አምሽተው የሚመለሱ ስፖርተኞች እየዘለሉት ይገቡ ነበር። (እውነት ለመናገር ሐሳቡ በራሱ ደስ ይላል።)

ይኸውላችሁ፣ ጌዮርግ ዚበር የተባለ የፖሊስ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምን ሊደርስ እንደሚችል ገምት ተብሎ 26 ሁኔታዎችን ጽፎ ነበር። 21ኛው ምን ይላል መሰላችሁ? የታጠቁ ፍልስጤማውያን ሊነጋ ሲል አጥሩን ዘለው እስራኤላውያኑ ወዳሉበት ሕንፃ ይገባሉ፤ ሰው ይገድላሉ፤ እስረኞች እንዲፈቱና አውሮፕላን እንዲሰጣቸው ይጠይቃሉ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ስምንት የ«ጥቁር ሴፕቴምበር» አባላት አጥሩን ዘለሉ። ሁለት እስራኤላውያንን ገድለው ዘጠኙን አገቱ።

እኛ ኢንጂነሪንግ ስንማር አደጋዎችን በሰንጠረዥ እንዘረዝራለን፤ ከእያንዳንዱ አደጋ ጎን «ታዲያ ምን ይቀየር?» የሚል ዓምድ አለ። ያ ዓምድ ባዶ ከሆነ ሰንጠረዡ ወረቀት ብቻ ነው። የዚበር 21ኛ ሁኔታ አጠገብ እኮ የሚጻፈው ከባድ አልነበረም፤ አጥሩ ይጠንክር፣ እስራኤላውያኑ ከምድር ቤት ወደ ላይ ፎቅ ይዛወሩ፣ የሚያዝዘው ሰው ይታወቅ።

ባዶነቱ ቀኑን ሙሉ ታየ። ፖሊሶች ሊያድኗቸው ጣሪያ ላይ ሲወጡ ቴሌቪዥን በቀጥታ አስተላለፈው። አጋቾቹ ያሉበት ክፍል ቴሌቪዥን ነበረው፣ መብራቱም አልተቆረጠም። ማታ በፉርስተንፌልድብሩክ አየር ማረፊያ ስምንቱን አጋቾች የጠበቁት አምስት አነጣጥሮ ተኳሾች ብቻ ነበሩ፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ እንኳ አልነበራቸውም። ብረት ለበሶቹ መኪኖች የትራፊክ መጨናነቅ ይዟቸው ዘገዩ። ዘጠኙም ታጋቾች ሞቱ፤ አንድ ጀርመናዊ ፖሊስም ተገደለ።

ጀርመን ጂ.ኤስ.ጂ. 9 የተባለውን ልዩ ኃይል ያቋቋመችው በዚያው ወር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና ፖሊሶች ተሰማሩ።