በአናባቢ አናት ላይ የተጋደመች ጭረት

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወጣቱ አታሚ ዊልያም ኮሌንሶ በ1835 መጀመሪያ ማተሚያውን ከመርከብ ያወረደው በሰሜን ኒውዚላንድ፣ ፓይሂያ በምትባል የሚስዮናውያን መንደር ነበር። ከለንደን የተላከለት ዕቃ ጎዶሎ ሆኖ አገኘው። የብረት ፊደላቱ የሚደረደሩበት ሣጥን የለም፤ ወረቀት እንኳ አልተላከም። ሣጥኑን ራሱ ነድፎ አሠራ፤ ወረቀት ደግሞ የሚስዮናውያኑ ሚስቶች ለደብዳቤ ካስቀመጡት አካፈሉት። በዚያው ዓመት ሁለት የጳውሎስ መልእክቶችን፣ በ1837 ደግሞ ሙሉውን ሐዲስ ኪዳን በአገሬው ሕዝብ፣ በማኦሪዎች ቋንቋ አተመ። ሥራውን ያቀለለት ነገር ቢኖር ማኦሪኛ ያኔ በ13 የላቲን ፊደላት ብቻ ይጻፍ የነበረ መሆኑ ነው።

በ13ቱ ፊደላት ያልተያዘ ግን አንድ ነገር ነበር። ማኦሪኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ አምስቱም አጥረውም ረዝመውም ይነገራሉ፤ ርዝመቱም ትርጉም ይለውጣል። «ዋሂኔ» አንዲት ሴት ናት፤ «ዋ» ሲረዝም ሴቶች ይሆናሉ። «ማኑ» ወፍ ነው፤ «ማ» ሲረዝም መንሳፈፍ ነው። ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ኬኬ» ኬክ ሲሆን ሁለቱም አናባቢዎች ከረዘሙ ብብት ይሆናል። እነዚህን ቃላት በግዕዝ ፊደል ስጽፍ ልዩነቱን ማሳየት እንዳልቻልኩ አንባቢ ሳያየው አይቀርም። የኮሌንሶ ዘመን ሕትመቶችም እንዲሁ ነበሩ። በ1840 የማኦሪ አለቆችና እንግሊዞች የተፈራረሙትና እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዋይታንጊ ውል በማኦሪኛው ቅጂ ላይ አንድም የርዝመት ምልክት የለበትም።

ማኦሪዎቹ ግን አልተቸገሩም። የመጀመሪያው የማኦሪኛ ጋዜጣ በ1842 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ቪየና ደርሰው የተመለሱት የሁለት ማኦሪዎች ታሪክ ነው። በኦስትሪያ መርከብ ሄደው የማተም ሙያ ተማሩ፤ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍም ማተሚያ ሸለማቸው። በ1862 የዋይካቶ ማኦሪዎች በዚሁ ማተሚያ የራሳቸውን ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። አሁንም ምልክት የለም፤ አንባቢውም አልጠየቀም። በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ዐረፍተ ነገሩን አይቶ ድምፁን ራሱ ያስተካክለዋል። እኛም «ገና» የሚለውን ቃል ጋዜጣ ላይ ስናይ በዓሉ ይሁን ሌላው ለመለየት ማጥበቂያ ምልክት አንፈልግም።

ሮማውያንም ነገሩን ያውቁት ነበር። ረዥም አናባቢ ላይ የሚያስቀምጡት ዘንበል ያለ ምልክት ነበራቸው፤ በድንጋይ ጽሑፎቻቸው ላይ ዛሬም ይታያል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን ግን በየረዥሙ ድምፅ ላይ ምልክት መደርደርን ቂልነት ይለዋል። ምልክቱ የሚያስፈልገው ትርጉም በሚያምታታበት ቦታ ብቻ ነው ብሎ «ማሉስ»ን ለምሳሌ ያነሣል፤ ሲያጥር ክፉ ሰው፣ ሲረዝም ዛፍ ነው። ዛሬ በላቲን መማሪያ መጻሕፍት ላይ በየአናባቢው አናት የምትጋደመው ጭረት የኋላ ዘመን ነገር ናት። ስሟ ማክሮን ነው፤ ረዥም ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል የመጣ እንጂ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። ያስገቧትም ላቲንን ከእናታቸው ያልሰሙ፣ በትምህርት ቤት የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው።

የማኦሪኛው ጭረትም የመጣችው በዚሁ መንገድ ነው። የሚስዮናዊው ዊልያም ዊልያምስ መዝገበ ቃላት መጀመሪያ በ1844 ታተመ፤ ልጁና የልጅ ልጁ እያስፋፉት ሄዱ። የልጅ ልጁ ባዘጋጀው በ1917ቱ አምስተኛ እትም ረዣዥም አናባቢዎች ጭረት አላቸው። ያኔ ይህ የሊቃውንት ጉዳይ ነበር፤ በየማኦሪ መንደሩ ልጆች ገና ቋንቋውን ይናገሩ ነበርና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማኦሪ ቤተሰቦች ወደ ከተማ ፈለሱ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው እንግሊዝኛን መረጡ። በ1972 ማኦሪኛ በትምህርት ቤት ይሰጥ የሚል፣ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለፓርላማ ቀረበ፤ በ1982 አያቶች ሕፃናትን በማኦሪኛ ብቻ የሚያሳድጉበት የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ፤ በ1987 ቋንቋው በሕግ የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ሆነ። አሁን ማኦሪኛን የሚያነበው ብዙው ሰው ከመጽሐፍ የሚማር ነው። «ዋሂኔ» አንድ ትሁን ብዙ ጆሮው አይነግረውም።

ምልክት ያስፈልጋል በሚለው ከተስማሙ በኋላ ክርክሩ የትኛው ምልክት ይሁን ወደሚለው ዞረ። በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ማኦሪኛን ያስተማረው የቋንቋ ሊቅ ብሩስ ቢግስ ጭረቷን አልወደዳትም፤ አናባቢውን ሁለት ጊዜ መጻፍ ይሻላል ባይ ነበር። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ፊደል በየትኛውም የጽሕፈት መኪና ይወጣል፣ ማንም አራሚ አይጥለውም። ጭረቷ ግን በተራው መኪና ላይ የለችም፤ ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ብዙዎች በእሷ ፈንታ የጀርመንኛውን ሁለት ነጥብ ለመጠቀም ተገደው ነበር። ሆኖም በ1987ቱ ሕግ የተቋቋመው የማኦሪ ቋንቋ ኮሚሽን ጭረቷን መረጠ፤ ቢግስ ተሸነፈ። የዋይካቶ ማኦሪዎች ግን እስከ ዛሬ የሕዝቡን ስም ሳይቀር በድርብ የላቲን «ኤ» (a) ይጽፋሉ።

እኔ ለቢግስ አደላለሁ። ባይሳካለትም የእሱ መንገድ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1991 የጸደቀው የኦሮምኛ ቁቤ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ «ለፋ» ምድር ነው፤ ሁለቱ አናባቢዎች ሲደረቡ «ላፋ» ለስላሳ ይሆናል። በግዕዝ ፊደል ለሚጻፈው ለባስኬቶ ቋንቋ ደግሞ የተመረጠው ከፊደሉ በላይ የሚቀመጥ ምልክት ነው። ይህ የርዝመት ምልክት በ2010 በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ቦታ አግኝቷል።

ጭረቷ የምትመጣው ቋንቋውን ከመጽሐፍ ለሚማር ሰው ነው ከሚለው ሥዕል ጋር ግን ላትቪያ አትገጥምም። በዚያ ቋንቋው አልተዳከመም፤ እንዲያውም ሕዝቡ ራሱን ያወቀበት ጊዜ ነበር። የላትቪያን አጻጻፍ ያበጁት ጀርመን ቄሶች ስለነበሩ ረዥም አናባቢን እንደ ጀርመንኛ «ኤች» አስከትለው ይጽፉት ነበር። በ1908 የሪጋ የላትቪያውያን ማኅበር ያቋቋመው ኮሚሽን፣ ያኒስ ኤንድዜሊንስና ካርሊስ ሚሌንባህስ ያሉበት፣ «ኤች»ዋን አውጥቶ ጭረቷን አስገባ። ነጻ ከወጡ በኋላ በ1922 ሕግ ሆነ፤ ያም ሆኖ በአሮጌው አጻጻፍ ማተም የቀጠሉ ነበሩ። ጭረቷን የዘነጋ ላትቪያዊ ሠርግ እጽፋለሁ ብሎ ፍየሎች ይጽፋል። በ1946 በሶቪየት አገዛዝ የ«ኦ» ጭረት ተሰረዘች፤ በስደት ያሉት ላትቪያውያን ግን ለብዙ ዓመታት አልተዋትም። አንዲት መስመር የአገዛዝ ተቃዋሚ መለያ ሆነች ማለት ነው።

በጃፓን ጭረቷ ለውጭ ሰው ናት። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ኸፕበርን በ1867 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ስሙን የያዘው የላቲን አጻጻፍ ተወለደ፤ በዚህ ሥርዓት ቶኪዮ ሁለት ጭረት፣ ኦሳካ አንድ አላቸው። ዓለም ሁሉንም ጥሏቸዋል፤ የጃፓን ፓስፖርትም አይጽፋቸውም። በዚህ የተነሣ ትርጉሙ «ትልቅ ሜዳ» የሆነው የኦኖ ቤተሰብና «ትንሽ ሜዳ» የሆነው የኦኖ ቤተሰብ ድንበር ላይ አንድ ስም ይዘው ሊቆሙ ይችላሉ። ቻይና በ1958 ባጸደቀችው ፒንዪን ደግሞ ጭረቷ ስለ ርዝመት ምንም አትናገርም፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ሳይወርድ ይሂድ ማለት ብቻ ነው።

ግዕዝን በላቲን ፊደል የሚጽፉ የውጭ ሊቃውንትም ከጭረቷ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ በመካከላቸው ግን ስምምነት የለም። በዎልፍ ሌስላው የ1987 የግዕዝ መዝገበ ቃላት ውስጥ «በ» በተራው «ኤ» ይጻፋል፤ ራብዑ «ባ» ጭረት ያለበት ነው። በሃምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ ደግሞ ጭረቷ የለችም፤ «በ» ሁለት ነጥብ የተቀመጠበት «ኤ» ሲሆን «ባ» ያለ ምንም ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ አናቷ ባዶ የሆነችው ያቺው ፊደል በአንዱ መጽሐፍ ግዕዝ፣ በሌላው ራብዕ ናት፤ ከሁለቱ መጻሕፍት ቃል የሚቀዳ ተማሪ የትኛው መጽሐፍ ፊቱ እንዳለ ማየት ይኖርበታል።