ሎኮሞቲቭን በዘሩ መምረጥ

በ1924 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር ስዊንደን ከተማ የነበረው የግሬት ዌስተርን የባቡር ኩባንያ ወርክሾፕ «ሴንት ማርቲን» የተባለውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አስገብቶ መንኮራኩሮቹን አወለቀ። ዲያሜትራቸው 6 ጫማ ከ8½ ኢንች የነበሩትን ትልልቅ ነጂ መንኮራኩሮች ባለ 6 ጫማ በሆኑ ተካቸው፤ ሲሊንደሮቹን ከዘንጉ አዲስ ቦታ ጋር አስማማ፤ የጎን መስኮት ያለው የሾፌር ክፍልም ገጠመ። ሻንሲው ግን ያው ነበር። ከዚህ ሙከራ «ሆል» የሚባለው ቤተሰብ ተወለደ፤ ከ1928 ጀምሮ በብዛት ተሠርቶ ከ250 በላይ ደረሰ። መነሻ የሆኑት «ሴንቶች» በአጠቃላይ 77 ነበሩ። የመጨረሻው በ1953 ከሥራ ወጣ፤ ለሙዚየም የተረፈ አንድም አልነበረም።

ሰባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ያው መንገድ ወደ ኋላ ተሄደበት። ዲድኮት የሚገኘው የግሬት ዌስተርን ማኅበር የጠፋውን ሴንት መልሶ ለመሥራት ሲነሣ ከባዶ አልጀመረም። በ1929 የተሠራውንና በ1974 ከዌልስ፣ ባሪ ከሚገኝ የውራጅ ብረት ግቢ የገዛውን «ሜይንዲ ሆል» መረጠ። ትልልቆቹን መንኮራኩሮች አዲስ አስቀልጦ፣ የፊቱንና የሾፌሩን ክፍል ወደ ጥንቱ መልክ መልሶ፣ በ2019 «ሌዲ ኦፍ ሌጀንድ» ብሎ ለሕዝብ አሳየው። የተሰጠው ቁጥር 2999 ነው፤ የቀድሞዎቹ ሴንቶች ተራ ቁጥር 2998 ላይ ቆሞ ነበርና ቀጣዩን ወሰደ። አነስተኛ ሞዴል ገዝቶ ገበያ ላይ ወደሌለ ዓይነት ሊለውጥ የሚያስብ ሰው ከዚህ ታሪክ መማር አለበት ብዬ አምናለሁ። መነሻው ሎኮሞቲቭ መመረጥ ያለበት በዘሩ ነው፤ ማለትም ከአንድ የንድፍ ክፍል በወረሰው የሻንሲ ልክ። የመልክ መመሳሰል ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

የሞዴሉ ንግድ ግን ገዢዎቹን ሌላ ልማድ አስለመዳቸው። በ1922 የኑረምበርጉ ቢንግ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ትንሽ ባቡር አወጣ፤ በ1938 ደግሞ የሊቨርፑሉ ሜካኖ ኩባንያ «ሆርንቢ ዱብሎ» የተባለውን ለገበያ አቀረበ። የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ከአውሮፓውያኑ ቀጠን ያሉ ስለሆኑ የዘመኑ ሞተር ሆዳቸው ውስጥ አልገባ አለ። መፍትሔ የተባለው አካሉን በጫማ 4 ሚሊሜትር ሂሳብ አስፍቶ፣ ሃዲዱን ለአውሮፓውያኑ አነስ ያለ መጠን በተሠራው 16.5 ሚሊሜትር መተው ነበር። በትክክለኛው ሂሳብ ሃዲዱ 18.83 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። ይህ ስምምነት እስከ ዛሬ ይሠራል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትራይአንግ የተባለው ፋብሪካ አንዱን ባለ ስድስት መንኮራኩር ሻንሲ በተለያዩ አካሎች ሥር እየገጠመ ሸጠ፤ ትንንሽ ድርጅቶችም በዚያው ሻንሲ ላይ የሚጫን፣ ከነጭ ብረት የተቀለጠ አካል አቀረቡ። ብዙ ሰው በትንሽ ገንዘብ ወደዚህ ሥራ የገባው በዚህ በር ስለሆነ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን መንኮራኩር ቆጥሮ መግዛትን አስለመደ፤ ቁጥር ደግሞ ያታልላል።

ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ ለባለ ስድስት መንኮራኩር ሎኮሞቲቮቹ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዘንግ መካከል 8 ጫማ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 8 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነ ርቀት ይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላለፈ። ኩባንያው በ1923 ከሌሎች ጋር ሲዋሃድም ልኩ አልጠፋም፤ «ጂንቲ» የሚባለው ትንሽ ጎታች ወረሰው። ስለዚህ የጂንቲ ሻንሲ ለብዙ የሚድላንድ ዘመዶቹ መነሻ ይሆናል፤ የመንኮራኩሩ ዲያሜትር ቢለያይ እንኳ የዘንጎቹ ቦታ አይለያይም። የግሬት ዌስተርኑ «5700» ተከታታይ ጎታችም ስድስት መንኮራኩር አለው፤ ዲያሜትራቸው ከጂንቲው የሚበልጠው በግማሽ ኢንች ብቻ ነው። የዘንጎቹ ርቀት ግን 7 ጫማ ከ3 ኢንች እና 8 ጫማ ከ3 ኢንች ነው። በ4 ሚሊሜትር ሂሳብ ጂንቲው 66፣ ይኸኛው 62 ሚሊሜትር ይሆናል። በዓይን መንትያ የሚመስሉት በ4 ሚሊሜትር ይለያያሉ። ለእኛም ይህ ሩቅ አይደለም። የጅቡቲ–አዲስ አበባን የእንፋሎት ባቡር በ1 ለ87 ሊሠራ የሚነሣ ሰው፣ መስመሩ አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ የሚያስፈልገው ሃዲድ 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው የቅርቡ 12 ነው። በመደበኛው ሰፊ ሃዲድ የሚሄድ ሞዴል መንኮራኩሩ በቁጥር ቢገጥምም ዘመዱ አይሆንም።

የሚያየው ሰው ጭስ ማውጫውንና ቦይለሩን እንጂ የዘንግ ርቀት አይለካም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፣ ማንም ተመልካች መለኪያ ይዞ አይመጣም። ሆኖም ከመንኮራኩሩ በላይ ያለው ሽፋን፣ የመውጫው ደረጃ፣ የአሸዋ ሳጥኑ፣ የአገናኝ ዘንጉ ርዝመት ሁሉ ከዘንጎቹ ቦታ የሚነሡ ናቸው፤ እነሱ ሲዛነፉ ምክንያቱን መናገር የማይችል ሰው እንኳ አንድ ነገር እንዳልገጠመ ይሰማዋል። ደግሞም ጭስ ማውጫ በሞረድና በሙጫ ይቀየራል። ሻንሲ ከተቀየረ ጥርሶቹ፣ አገናኝ ዘንጎቹና ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ሽቦዎች አብረው ይቀየራሉ። ዛሬ አካሉን በኮምፒውተር ነድፎ ማተም ይቻላል የሚለውም ክርክር የሚረዳው የእኔን ወገን ነው፤ አካሉ በቀለለ ቁጥር የሚገዛው ነገር ዋጋ ሻንሲው ላይ ያርፋል።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ከራሱ ከሴንት ይመጣል። ሆል በዘር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዘንጎቹ ርቀት ከሴንት ጋር አንድ፣ ቦይለሩም የአንድ ዓይነት ነው። ታዲያ በሞዴልም ሆልን መግዛት አይሻልም? በዲድኮት ይህን ለውጥ የሚያስችል ከባድ መሣሪያ ነበር። በሞዴል ግን የሆል መንኮራኩር 24 ሚሊሜትር፣ የሴንት 26.8 ነው፤ ትልቁ ሲገባ ዘንጉ በ1.4 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። አካሉ አብሮ እንዳይነሣና መጋጫዎቹ ከፉርጎው ጋር እንዳይዛነፉ የሻንሲው ቀዳዳዎች ሁሉ ወደ ላይ መቆረጥ አለባቸው። ሌላም አለ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘንጎች ርቀት 7 ጫማ፣ ማለትም 28 ሚሊሜትር ነው። መንኮራኩሩን ሃዲድ ላይ የሚይዘው ከንፈር በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ከወጣ 28.8 ይሆንና ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ከንፈሩ ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነ ብቻ ይተላለፋሉ። በ1923 የወጣው «ካስል» የተባለው ሎኮሞቲቭ እነዚህኑ መንኮራኩሮች በዚያው ርቀት የያዘ ስለሆነ፣ ይህን ችግር የሞዴሉ አምራች አስቀድሞ ተጋፍጦታል፤ መንኮራኩሩን አሳንሶ እንዳላመለጠ ግን ከመግዛት በፊት መለካት ነው። ካስል ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ የውጭዎቹ ከሴንት ይልቅ ወደ ኋላ ገባ ብለው ይቀመጣሉ፣ ቦይለሩም ይገዝፋል። እኔ የምመርጠው የካስልን ሻንሲ ከሥር፣ የሆልን ቦይለር ከላይ አድርጎ፣ ሲሊንደሮቹንና ትንንሾቹን የፊት መንኮራኩሮች የያዘውን ቦጂ በእጅ መሥራት ነው።