ማስተር ፕላኑ ባልደረሰበት የደረሰ ዘፈን

የኦሮምኛ ዘፋኙ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጅራ» በ2007 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የወጣ ነጠላ ዜማ ነው። ርእሱ በግርድፉ «ምኑን አለሁት» ማለት ሲሆን፣ ዜማው ዝግ ብሎ የሚሄድ የፍቅረኞች የመለያየት እንጉርጉሮ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ወለጋ ሲደርስ ዘፈኑ የሰልፈኞች መዝሙር ሆኖ ነበር። ለታሪክ ጸሐፊ እንቆቅልሹ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁጣውን የቀሰቀሰው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የሚመለከተው በከተማዋ ዙሪያ ያለውን የኦሮሚያ መሬት ነው። የወለጋዋ ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያም ይርቃሉ። በዕቅዱ ማሳውን የሚያጣ የወለጋ ገበሬ አልነበረም። ታዲያ ዘፈኑ እዚያ ድረስ ምን ወሰደው? የኔ መልስ፣ የፍቅር ዘፈን መሆኑ ነው የሚል ነው። የካሳና የወሰን ክርክር ባለጉዳዮቹን ብቻ ይመለከታል፤ ከሚወዱት በግድ መለየት ግን የማንም ሕመም ሊሆን ይችላል።

«ዘፈኑ ከመነሻው ፖለቲካ ነበር፤ ፍቅሩ ሽፋን ነው» የሚል ይኖራል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ሃጫሉ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ታስሮ አምስት ዓመት በእስር ያሳለፈ የአምቦ ልጅ ነበር፤ አምቦ በሚያዝያ 2006 በዚሁ ዕቅድ የተነሣ ደም ያፈሰሰች ከተማ ናት፤ ግጥሙም የአዲስ አበባዋን ጉለሌን በስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ፍቅሩ ሽፋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ምሥጢሩን ከፈታ በኋላ ቅርፊቱን በጣለው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሰልፈኛው እንጉርጉሮውን ከነፍቅሩ አነሣው። የዘፈኑ ምድርም ለወለጋ ሰው ባዕድ አይደለም፤ የነቀምት ተሳፋሪ በባኮ፣ በአምቦ፣ በጊንጪና በሆለታ አልፎ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። የእነዚህ ቦታዎች ስም ለእሱ የካርታ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ያደረሰው ሞባይልና ሳተላይት ቴሌቪዥን ነው» ይላል። በእርግጥ የነጠላ ዜማ ፍጥነት ቀላል ነገር አይደለም። ሃጫሉ ቀድሞ ሁለት አልበሞች አውጥቶ ነበር፤ አልበም አሥርና ከዚያ በላይ ዘፈን፣ አሳታሚና አከፋፋይ ይፈልግ ነበር። ነጠላ ዜማ ግን ጉዳዩ ሳይበርድ በክሊፕ ይለቀቅ፣ ከስልክ ወደ ስልክም በሚሞሪ ካርድ ይገለበጥ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ወጣትም አድማጭ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ያም ሆኖ በዚያው መንገድ ብዙ ዘፈን ተጉዟል። መንገዱ ዘፈኑ እንዴት እንደደረሰ ያስረዳል፤ ይህኛው ለምን ተመርጦ እንደዘለቀ ግን አያስረዳም።

ክርክሩን የሚቆርጠው በጥር 2008 የሆነው ነው። መንግሥት ማስተር ፕላኑን ሰረዘ፤ ተቃውሞው ግን ቀጠለ፣ ዘፈኑም አብሮት ቀጠለ። የዘፈኑ ጉልበት ከዕቅዱ ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ አብሮት በተሰረዘ ነበር። ስለዚህ የ«ማላን ጅራ»ን ታሪክ ከስቱዲዮውና ከዘፋኙ የሕይወት ታሪክ ብቻ መጻፍ ግማሹን መተው ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ዕቅዱ ሳይነካቸው የራሳቸውን ቅሬታ ይዘው ባዳመጡት በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ነው።