የባሮ ወደብና ባለ ሁለት ሰልባትዮ ካምዮን

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲሰጥ ፈቀዱ። የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2000 ሜትር፥ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ከጎሬ ደጋ እስከ ወደቡ ያለውን ቁልቁለት ግን የሚችሉት በቅሎና ተሸካሚ ነበሩ።

በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አለቀ፤ የመርከቡም ንግድ እየሳሳ ሄዶ ጭነቱ ወደ ካምዮን ዞረ። ዛሬ በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድ ሰፈር የሚያድግ ተማሪ የመርከቡን ዘመን በወሬ ብቻ ያውቀዋል።

በቅሎ ባደረችበት ሣር ታገኛለች፤ ካምዮን ግን ቀለቡን ተሸክሞ መሄድ አለበት። ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፥ ነዳጅ በየቦታው በማይሸጥበት ዘመን ሁለተኛ ሰልባትዮ፥ ማለት የነዳጅ ቋት፥ ቅንጦት አልነበረም። (የመኪና ቃሎቻችን አብዛኛዎቹ ከኢጣልያንኛ መምጣታቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሁለቱ ቋቶች መካከል አንድ ሩቢኔት አለ፤ ሾፌሩ ወደ ፈለገበት ሲያዞረው ሞተሩ ከዚያው ቋት ብቻ ይጠጣል። ካርቡራቶር ባለው የቤንዚን ሞተር ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያበቃል። በናፍጣ ሞተር ግን ፖምፓው ከሚቃጠለው አብልጦ ይስብና ትርፉን በሌላ ቧንቧ ይመልሰዋል። ስለዚህ መሳቢያው ሲዞር መመለሻውም አብሮ መዞር አለበት፤ አለዚያ ከቀኙ የተሳበው ናፍጣ ወደ ግራው እየተመለሰ፥ ግራው ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ሾፌሩም ቀኙ ሳይታሰብ ሲያልቅበት ምንም ያላጠፋውን ሞተር በላተኛ ነው እያለ ያማዋል።

ከዚህ የከፋው ቋቱ እስኪደርቅ ድረስ ሳያዞሩ መቆየት ነው። የቤንዚን መኪና ጥቂት አንገራግሮ ይነሣል። በናፍጣው ግን አየር ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ሞተሩም ይቆማል፤ ሩቢኔቱን ማዞር ብቻውን አያስነሣውም። ረዳቱ የአየር ማስወጫውን ብሎን አላልቶ፥ አረፋው ቀርቶ ጥሩ ናፍጣ እስኪወርድ በእጅ ፖምፓ መግፋት አለበት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ወደ ጎሬ በሚያወጣው ዳገት በዝናብ፥ ቡና በተጫነበት መኪና ሥር ቢሆን፥ ጎማው በድንጋይ ካልተደገፈ ሥራው የሕይወት ነገር ነው።

በኋላ በተሠሩት ካምዮኖች በብዙዎቹ ሁለቱ ቋቶች ከሥር በቧንቧ ስለ ተገናኙ ናፍጣው ራሱ ይመጣጠናል፤ የሚዞር ሩቢኔት የለም። መኪናው ወደ ጎን ባጋደለ ጊዜ ብቻ ናፍጣው ወደ ዝቅተኛው ቋት ያደላል።